እናቴ ብሯን ከባንክ አውጥታ ጓዳ ልታስገባ ነው፤ ምን ልበላት?

የባልትናዋ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ ደብረ ብርሃን ባልትና ትሸጣለች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በጾም ጊዜ በሶ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዕለት ሽያጯ እየቀነሰች ባንክ ስታስገባ ኖራ አሁን 180 ሺህ ብር ገደማ አላት።

ጥር ላይ 4 ሺህ ብር ልናወጣ አብረን ኤቲኤም ሄድን። ማሽኑ ብር ሲቆጥር ይሰማል፣ ከዚያ ዝም አለ። ካርዱን መለሰ፣ ብሩ የለም። ወዲያው ስልኳ ጮኸ፦ 4,000 ብር ወጪ ሆኗል።

ቅርንጫፉ ገባን፣ ፎርም ሞላን፣ "በአምስት ቀን ይመለሳል" ተባልን። በአምስተኛው ቀን ሲስተም የለም። በሳምንቱ ፎርሙ ጠፍቷል፣ እንደገና ሙሉ። ከዚያ ወዲያ እኔ ሥራ ስላለብኝ ብቻዋን ነው የተመላለሰችው። አንድ ቀን ኃላፊው ሰው ፊት "እማማ፣ ብሩን አለመውሰድዎን እርግጠኛ ነዎት?" አላት።

ብሩ በ23ኛው ቀን ገባ፤ ይቅርታ ያለ ሰው የለም። ያቺ ጥያቄ ግን ከውስጧ አልወጣችም። "እኔ ብሬን ሳስረክብ አንድም ቀን እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብዬ አላውቅም፤ የሰጡኝን ወረቀት ይዤ ነው የምወጣው" ትላለች።

አሁን ግማሹን እቁብ፣ ግማሹን ጓዳ ልታደርግ ነው። "ባንክ ይሻላል" ልላት አስብና አፌ እምቢ ይለኛል።

የቀድሞ ካሸር፦
እህቴ፣ ስምንት ዓመት መስኮት ላይ ሠርቻለሁ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ሂሳቡ ይቀነሳል፣ ብሩ ግን ማሽኑ ውስጥ ይቀራል። በኋላ ማሽኑ ሲቆጠር ትርፍ ይገኝና ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሮ ይመለሳል። የሌላ ባንክ ማሽን ከሆነማ ሁለቱ ባንኮች እስኪተያዩ ይረዝማል። ያ ሰውዬ ግን መዝገቡን ከፍቶ ማየት ሲችል እናትሽን ጠየቃቸው። ነውር ነው።

ለሌላ ጊዜ የማሽኑን ቦታና ሰዓቱን ጻፉ፣ ፎርሙን ፎቶ አንሱ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርጉ። ባንኩ እምቢ ካለ ብሔራዊ ባንክ አቤቱታ ይቀበላል። ደግሞ የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚሸፍነው በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ነው፤ 180ውን ለሁለት ባንክ ብትከፍሉት ጥሩ ነው።

ትራስ፦
ጓዳውን ተዉት። በ2013 መስከረም የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖት ሲቀየር የተሰጠው ሦስት ወር ነበር። አያቴ ያኔ አልጋ ላይ ነበረች፤ ለማንም አልተናገረችም። ካረፈች በኋላ ትራሷን ስንፈታ በመሀረብ የተቋጠረ 14 ሺህ ብር፣ ሁሉም አሮጌው መቶ። አሁን ልጄ ሱቅ ሱቅ ይጫወትበታል።

የቤይሩት ተመላሽ፦
እኔ እናትሽ ይገቡኛል። በፈረንጅ 2019 የሊባኖስ ባንኮች በራቸውን ሲዘጉ ማዳሜ የራሷን ዶላር ማውጣት አቅቷት ስታለቅስ አይቻለሁ፤ የኔም ደሞዝ ከዶላር ወደ ሊራ ዞሮ ቀለጠ። ግን ብር ጓዳ ስለገባም አይድንም። ሐምሌ 2016 ዶላር ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ባንክ 7 በመቶ ወለድ አለው ትሉ ይሆናል፤ እስቲ ዘይት ገዝታችሁ ንገሩኝ። ሴትዮዋ በርበሬ ነጋዴ አይደሉም እንዴ? ዛላ በርካሹ ወቅት ገዝተው ያስቀምጡ።

የባልትናዋ ልጅ፦
ማታ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ትራሱ ጋ ስደርስ "ወይ አለመናገር" ብላ ከንፈሯን መጠጠች። ዛላውን "ነቀዙን ማን ይጠብቅልኛል" አለች። ካሸሩ "ነውር ነው" ያለውን ስትሰማ ግን ወንፊቷን አስቀምጣ "እስቲ ድገሚው" አለችኝ፤ ደገምኩላት። ሰኞ ሌላ ባንክ ደብተር ልናወጣ ነው። እቁቡ ግን አይቀርም ብላለች።