ትንሽ ቦታ ላይ አሰልጣኝ ሆኖ መቅረት ያዋጣል?

የጣና ዳር አሰልጣኝ፦
ሰላም ቤተሰብ። ባሕር ዳር ከ17 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አሰለጥናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሜዳችን ጣና ዳር ነው። ኳሷ ውኃ ከገባች ታንኳ ቀዛፊ ለምነን ነው የምናስወጣት። አንዱን ታኬታ ሁለት ልጆች ይቀያየሩበታል። አሁን አዲስ አበባ ያለ አንድ ክለብ ለምክትልነት ጠራኝ። ባለቤቴ «እስከ መቼ?» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ግን ትናንት ልምምድ ስንጨርስ ትንሹ በረኛዬ ጓንቱን ሐይቁ ውስጥ እያጠበ «ነገም አሥር ሰዓት ነው አይደል?» አለኝ። ዝም አልኩ። ዕድሜውን ትንሽ ቦታ ላይ ጨርሶ የተሳካለት አሰልጣኝ ታውቃላችሁ?

የፔዳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ሂድ። ልጆች ማሳደግ አለብህ።

ሚኒሶታ ያለሁት፦
እኔም የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጆን ጋግሊያርዲ የሚባል ሰው ልንገርህ። ስፖርቱ የአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ያ በእጅ የሚጫወቱት። 16 ዓመቱ ላይ የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ለጦርነት ሲዘምት ቡድኑን እሱ ተረከበ። እ.ኤ.አ. በ1953 እዚህ ሚኒሶታ ሴንት ጆንስ የሚባል ትንሽ የካቶሊክ ኮሌጅ ገባ። እስከ 2012 አልወጣም። ኮሌጁ ገዳም አለው፣ ሐይቅም አለው፤ ልክ እንደኛ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የብራና መጻሕፍቶቻችንን ሲመረምሩ የኖሩትም እዚያው ግቢ ነው።

ጋግሊያርዲ ፊሽካ አይነፋም ነበር። ልምምድ ላይ ተጫዋችን ይዞ መጣል ክልክል ነበር፣ ልጆቹ እንዳይጎዱ። ከቡድን የሚቀነስ ልጅ አልነበረም። «ጆን» ብላችሁ ጥሩኝ ይላቸው ነበር። እንዲህ እየሠራ 489 ጨዋታ አሸነፈ፤ በኮሌጅ ፉትቦል ታሪክ የሚበልጠው የለም። በ2003 ደግሞ 55 ጨዋታ በተከታታይ ያሸነፈውን ማውንት ዩኒየን የሚባል ኮሌጅ 24 ለ 6 ረትቶ አራተኛ ዋንጫውን ወሰደ። ያኔ 77 ዓመቱ ነበር።

ግን ልብ በል፣ እሱ ደሞዝ ነበረው። አንተን የሚከፍልህ ማነው? ከመወሰንህ በፊት ወላጆቹን ሰብስብና በግልጽ ንገራቸው።

የጣና ዳር አሰልጣኝ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ወላጆቹን ለእሑድ ጠርቻለሁ። በስሜ ጥሩኝ ማለቱ እኛ ጋ አይሆንም፣ «ጋሼ» ይበሉኝ። ፊሽካውን ግን ዛሬ ቤት ትቼው ሄድኩ። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። በኋላ እርስ በርስ መጠራራት ጀመሩ፤ ያ ዝምተኛ በረኛዬ ከሁሉም በላይ ሲጮህ ነበር።