የሃይሉክስ ዲፈረንሻል አስቸገረኝ፤ የገባው ሰው ይርዳኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ፣ ቤቴ ግቢ ውስጥ ከቆርቆሮ ጥላ ስር የአሮጌ ሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የጥርስ ሳጥን) ከፈታሁ ሁለት ቅዳሜ አለፈኝ። 60 ላይ ነዳጅ ስረግጥ ይጮህ ስለነበር የፒኞኑን (ትልቁን ክብ ጥርስ፣ ኮሮናውን፣ የሚያዞረውን ትንሹን ጥርስ) ኩሽኔታዎች ቀየርኩ። የድሮውን ሺም (ፒኞኑ ምን ያህል ወደ ኮሮናው እንደሚገባ የሚወስነውን ስስ ቀለበት) ግን መልሼ ከተትኩት፤ ጥፋቴ እዚህ ጋ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ኮሮናውን በሁለቱ የጎን ማስተካከያ ዳዶዎች እያጠበቅኩ፣ እያላላሁ፣ በተዋስኩት ዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለውን ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር ላይ አቆምኩት። ማኑዋሉ ከ0.13 እስከ 0.18 ስለሚል ደስ ብሎኝ ነበር። ጥርሶቹን ቢጫ የዘይት ቀለም ቀብቼ ሳዞር ግን ምልክቱ መሃል ላይ አልወጣም፤ የጥርሱ ስር ላይ እንደ ክር ቀጥኖ ተኝቷል። ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ከመጠን በላይ ገብቷል ብዬ ገመትኩ። ተሳስቻለሁ?

ካልተሳሳትኩ ቀጭን ሺም ያስፈልገኛል። ሺሙ ያለው ደግሞ ከውስጠኛው ኩሽኔታ ስር ነው። አዲሱን ኩሽኔታ ሳላበላሽ እንዴት ላውጣው? የማውጫዬ ጥርስ ወፍራም ነው፣ ስሩ አይገባም። «በመዶሻ በለው» ያለኝን ጎረቤቴን አመስግኜ ሸኝቼዋለሁ።

ሌላው፣ አንዴ የተጨፈለቀውን ስፔሰር (በሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች መሃል የሚገባውን፣ ዳዶው ሲጠብቅ የሚጨፈለቀውን ቱቦ) ለሙከራ ብቻ ተጠቅሜ አዲሱን ለመጨረሻው ባስቀምጠው ችግር አለው? ሶማሌ ተራስ ሺም በውፍረት እየለካ የሚሸጥ ታውቃላችሁ? የጠየቅኳቸው ሁሉ «ሙሉውን ግዛ» ነው የሚሉኝ።