የእናቴ ጂፒ ጉዳይ፦ ልቀይርላት ወይስ ገብቼ ልከራከር?

ሚሚ ከደቡብ ለንደን

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ? ምክር ፈልጌ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርም ግፊትም አለባት። እንግሊዝኛዋ «ታንክ ዩ» ላይ ያልቃል። የተመዘገበችበት ጂፒ፣ የሰፈሩ ክሊኒክ ማለቴ ነው፣ ከቤታችን አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ሐኪሞቹም ክፉ አይደሉም። መከራው እነሱ ጋ እስክትደርሺ ነው። ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ ሲከፈት እደውላለሁ፣ ማሽኑ «በወረፋው 23ኛ ነዎት» ይለኛል። ተራዬ ሲደርስ «የዛሬው አልቋል፣ ነገ ሞክሪ»። እኔ ደግሞ ኬር ሆም (መንከባከቢያ ቤት) ነው የምሠራው፤ ፈረቃ ከገባሁ ስልክ ማውጣት አይፈቀድም።

ባለፈው እንደምንም ቀጠሮ ተገኘና እኔ ሥራ ስለነበርኩ የ12 ዓመት ልጄ ይዟት ሄደ። ሐኪሙ ስለ ሽንቷ ሲጠይቅ ልጁ አፍሮ «ደህና ናት» ብሎ መለሰለት። እሷስ በልጅ ልጇ ፊት ምን ትበል? የድሮው መድኃኒት እንዳለ ተደገመላት። ማታ እኔ ሳወጣጣት ለካ ሌሊቱን ሽንት ቤት ስትመላለስ ነው የምታድረው።

ሰዉ ሁሉ ቀይሪላት ይለኛል። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ግን የታካሚዎች ቡድን አባል ሁኑ የሚል ወረቀት አየሁ፣ ፒፒጂ የሚሉት። የገባችሁበት አላችሁ? ፋይዳ አለው ወይስ ሻይ ጠጥቶ መበተን ነው?

አቤል ሌስተር

ቀይሪላት እህቴ፣ ምኑ ያከራክራል? አዲሱ ጋ ፎርም መሙላት ነው፣ አሮጌውን ማስፈቀድ የለም፣ ፋይሏም ይከተላታል። ፓስፖርት ወይም የአድራሻ ማስረጃ ካላመጣሽ አንመዘግብም ቢሉሽ አትስሚያቸው፣ ግዴታ አይደለም። ከክልላቸው ውጭ ከሆናችሁ ወይም መዝገባቸው ሞልቶ ከተዘጋ ግን መከልከል ይችላሉ። ከመቀየርሽ በፊት ሲኪውሲ (ክሊኒኮችን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት) የሰጣቸውን ደረጃ እዪ። የጂፒ ታካሚዎች ጥናት የሚባለውም በየዓመቱ ይወጣል፤ ያንቺንና የጎረቤቱን ጎን ለጎን አድርገሽ «በስልክ ማግኘት ቀላል ነው» ያለውን የሰው ብዛት ማነጻጸር ትችያለሽ።

እትዬ አልማዝ

ሚሚዬ፣ እኔ ሰሜን ለንደን ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ የጂፒዬ ፒፒጂ አባል ነኝና ሻዩን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ብስኩትም አለው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ እያንዳንዱ ጂፒ ይሄ ቡድን እንዲኖረው በውሉ ይገደዳል። መኖሩ ግድ ነው፣ መሥራቱ ግን በሚገባበት ሰው ነው የሚወሰነው።

ስብሰባችን ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ጡረተኛ እንግሊዞች ናቸው፣ ሐበሻ እኔ ብቻ። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ግማሹ ጊዜ በመኪና ማቆሚያ ወሬ አለቀ። መኪና ያለኝ ይመስል ቁጭ ብዬ ሰማሁ! ተራው ለእኔ ሲደርስ ብሶቴን ዘረገፍኩት። ማኔጀሯ «በጣም እናዝናለን» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈች። ሌሎቹ ላይም እንደዚያው ስታደርግ አየሁ። ማዘን ምንም አያስወጣትም።

ከዚያ ወዲህ ቁጥር ነው የምጠይቀው። ስልኩ ራሱ ይቆጥራል እኮ! ስንት ሰው ደወለ፣ ስንቱ ሰልችቶት ዘጋ፣ ያነሱለት ሰው ስንት ደቂቃ ጠበቀ፣ ሁሉም ማኔጀሯ ኮምፒዩተር ላይ አለ። «ያለፈው ወር የሰኞ ጠዋቶችን አሳዪን» ስትያት «እናዝናለን» አይበቃም። ሌላው ደግሞ፣ «አማርኛና ትግርኛ አስተርጓሚ የሚያስፈልጋቸው ስንት ታካሚዎች አላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። ፈልጋ ያመጣችው ቁጥር በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነበር። እኔ ራሴ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እናቶች ብቻ ከዚያ ይበልጣሉ! ለካ ሲመዘገቡ የቋንቋው ቦታ ባዶ ተትቶ ነው። አሁን ሪሴፕሽን ላይ ይጠይቃሉ፣ ይመዘግባሉ፤ ፋይሉ ሲከፈት አስተርጓሚ ያስፈልጋታል የሚል ማስታወሻ ከላይ ብቅ ይላል፣ የቀጠሮው ጊዜም እጥፍ ተደርጎ ይያዛል። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ አንዳንዴ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ከልጅ ግን ይሻላል። ክፍያ የለውም። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ማስተርጎም እንደሌለበት የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎቱ) መመሪያ ስላለ እሱን ጥቀሺላቸው።

የሁለት ሰዓቱን ስልክ ግን አላስተካከልነውም፣ አልዋሽሽም። ቁጥሩን ካየን በኋላ ተራ ሲደርስ መልሶ የሚደውል ነገር አስገቡ፤ ሐኪሙ ግን ያው ሐኪም ነው፣ አልጨመረም።

የእናትሽን የግል ጉዳይ ፒፒጂ አያይልሽም። እሱን ለማኔጀሩ በጽሑፍ አቅርቢ፣ በ12 ወር ውስጥ መሆን አለበት። ክሊኒኩን ካላመንሽው ለአካባቢሽ አይሲቢ፣ የአካባቢውን የጤና አገልግሎት ለሚመራው የኤንኤችኤስ አካል፣ መላክ ይቻላል፤ ለሁለቱም ግን አይሆንም፣ አንዱን ምረጪ። እኔ ብሆን ከመቀየሬ በፊት ይሄን እሞክር ነበር። አምስት ደቂቃ ለአንድ ስኳር ላለባት እናት ትልቅ ነገር ነው።

ነርስ ቤቲ

እትዬ አልማዝ ጨርሰውታል፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የሌሊቱ ሽንት ስብሰባ አይጠብቅም። ስኳሯ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል፤ መታየት አለበት። ፋርማሲ ሄደሽ እንዳትደክሚ፤ ፋርማሲዎች ያለ ጂፒ ቀጠሮ በሚያክሙበት ፋርማሲ ፈርስት በሚባለው አገልግሎት የሽንት ኢንፌክሽን የሚያክሙት ከ16 እስከ 64 ዓመት ያሉ ሴቶችን ነው። ለጂፒው በኦንላይን ፎርሙ ጻፊላቸው። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በሥራ ቀናት ከጠዋት 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ክፍት ማድረግ አለባቸው፣ በእረፍት ሰዓትሽም ይሆናል። ትኩሳት ወይም መቃዠት ካየሽባት ግን ፎርሙን ተዪውና በዚያው ቀን ደውዪ፤ ዝግ ከሆነ ወደ ኤንኤችኤስ የምክር ስልክ 111።

ጤና መኮንን ከወሎ

እኔ አገር ቤት ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። እኛ ጋ ኮሚዩኒቲ ስኮር ካርድ አለ፤ ከየቀበሌው የተመረጡ ሰዎች በየሩብ ዓመቱ ነጥብ ይሰጡናል። ርኅራኄና አክብሮት፣ የመጠበቂያ ጊዜ፣ መድኃኒት፣ ውኃና ሕንፃ፣ አምቡላንስ፣ ንጽሕና። ከዚያ ሕዝብ ተሰብስቦ ፊት ለፊት ያፋጥጠናል። ላብ በላብ ነው የምንሆነው! መድኃኒት ላይ ዝቅተኛ ነጥብ ሲሰጡን ጥፋቱ የእኛ ላይሆን ይችላል፤ ያችን ወረቀት ይዘን ወረዳ ስንሄድ ግን አነጋገራቸው ይለወጣል። እትዬ አልማዝ ቁጥር ያሉት እውነት ነው።

ሚሚ ከደቡብ ለንደን

ሁላችሁንም ኑሩልኝ። ፎርሙን አሁኑኑ እየሞላሁ ነው፣ አስተርጓሚም ጠይቄያለሁ። እትዬ፣ ስብሰባው በእኔ ፈረቃ ላይ ቢውልስ?

እትዬ አልማዝ

ብዙዎቹ በኢሜይልም አባል ይቀበላሉ የእኔ ልጅ። ስብሰባው ከመድረሱ ሳምንት ቀደም ብለሽ ጥያቄሽን በጽሑፍ ላኪና «አጀንዳ ላይ ይግባልኝ» በያቸው፤ ከስብሰባው በኋላ ቃለ ጉባኤውን ጠይቂ። እናትሽንም አባል አድርጊያት፣ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ያምጡላት። ያኔ እናያቸዋለን!