የደረጃ ዕድገት ተከለከልኩ፤ አቤቱታዬን ወዴት ልውሰደው?

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ረዳት ፕሮፌሰር ነኝ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው የምጽፈው።

ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመልክቼ ነበር። የምርምር ጽሑፎቼ ታትመዋል። የተማሪዎቼ ግምገማም ጥሩ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኮሚቴ ግን «የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጎድላታል» ብሎ ማመልከቻዬን መለሰው። ጎደለ የተባለው ጊዜ እኮ ወሊድ ፈቃድ ላይ የነበርኩበት ነው! ስመራው የነበረው ፕሮጀክትም ለወንድ ባልደረባዬ ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ስጠይቅ ኃላፊው «አንቺ አሁን ልጅሽን አሳድጊ፣ ዕድገቱ ይደርሳል» አለኝ። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እንደ ደግነት ነው የሚነገረው፤ በጽሑፍ ደግሞ ምንም አይሰጡሽም። ሌሎች ሴት መምህራንም ደርሶባቸዋል፣ ግን ለመፈረም ይፈራሉ። አልፈርድባቸውም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በሥራ ዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድም እዚያው አንቀጽ ላይ አለ። ታዲያ በመብቴ ስለተጠቀምኩ እንዴት እቀጣለሁ?

ለግቢው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አመለከትኩ። «በሽምግልና እንጨርሰው» አሉኝ። እኔ የምፈልገው የጽሑፍ ውሳኔ ነው።

በዚህ ያለፋችሁ እህቶች፣ እባካችሁ ንገሩኝ። የኮሚቴውን ቃለ ጉባኤ እንዴት አገኛችሁ? የግቢው ቅሬታ ሰሚ ሳይወስን እንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ብሄድ ይቀበሉኛል? የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርስ እንዲህ ያለ የሥራ ጉዳይ ይዞላችሁ ያውቃል? ስማቸው እንዲወጣ የማይፈልጉ ባልደረቦቼን ቃልስ በምን መልክ ላያይዘው?