ያለ ሩተኒየም በብርሃን ሲንተሲስ መሥራት ይቻላል?

የጣና ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። መመረቂያዬን በብርሃን በሚሠራ ካታሊሲስ (ኬሚካላዊ ለውጥን ማፋጠን) ላይ መሥራት በጣም እፈልጋለሁ፤ የማነበው ሁሉ ግን ሩተኒየም፣ ኢሪዲየም የተባሉ ውድ ብረቶች ይላል፤ አቅማችን ደግሞ አይችለውም። በእጄ ያለው ባዮሎጂዎች ስላይድ የሚያቀልሙበት ሜቲሊን ብሉና ኢኦሲን ዋይ፣ ትንሽ አልፋ-ተርፒኒን (ከዕፅዋት ዘይት የሚገኝ ፈሳሽ)፣ ከዚያ ክረምቱ ሲወጣ የማይጠፋው ጸሐያችን ነው። ከተርፒኒኑና ከኦክስጅን አስካሪዶል የሚባለውን ውህድ መሥራት ይሆንልኛል? ኤልኢዲ ልግዛ ካልኩስ የቱን ቀለም?

ኬሚስቷ፦
ይሆንልሃል ወንድሜ! ጀርመናዊው ጉንተር ሼንክ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህንኑ አስካሪዶል የሠራው በጸሐይና ከቅጠል በወጣ ክሎሮፊል ነው። ቀለሙ ብርሃኑን ይውጣል፣ ጉልበቱን ለኦክስጅን ያቀብላል፤ የነቃው ኦክስጅን፣ ሲንግሌት ኦክስጅን የሚባለው፣ ተርፒኒኑ ላይ ይገባል።

ሰማያዊ ኤልኢዲ እንዳትገዛ። ጽሑፎቹ ላይ ሰማያዊ የበዛው ሩተኒየሙ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የብርሃን ሞገድ ስለሚውጥ ነው። ሜቲሊን ብሉ 660 ገደማ ስለሚውጥ ቀይ ይፈልጋል፤ ኢኦሲን ዋይ 525 ገደማ ነው፣ አረንጓዴ። ቀለሙንም አታብዛ፤ ሲወፍር ብርሃኑ ከመስተዋቱ ጥግ ሳያልፍ ይቀራል። ቀጭን ቱቦ ተጠቀም፣ ኦክስጅኑን ሳታቋርጥ አስገባ። ጸሐይን ውደዳት፣ ግን ደመና ባለፈ ቁጥር ውጤትህ ይለዋወጣል፤ ለቴሲስ የሚሆን ቁጥር በኤልኢዲ አውጣ።

ይህን ሥራ ማንም እንዳያናንቅብህ። የወባ መድኃኒት መሠረት የሆነው አርቴሚሲኒን ከአርቴሚሲኒክ አሲድ ሲሠራ ወሳኙ እርምጃ ይኸው ሲንግሌት ኦክስጅን ነው። ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር ከአርቴሚሲኒን ይገኛል፤ በወባ ለምንሰቃይ ለሐይቁ ዳር ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የላብ ሰው፦
አንድ ነገር ልጨምር፣ ልጄ፣ በደንብ ስማኝ። አስካሪዶል ፐርኦክሳይድ (ሁለት ኦክስጅን የተያያዙበት ውህድ) ነው፤ ሲሞቅ ይፈነዳል። በትንሽ መጠን ሥራ፣ ሮታሪው (ፈሳሹን የሚያተን መሣሪያ) ላይ ሙቀት አታብዛ፣ ጨርሶ እስኪደርቅ አታትነን፣ መከላከያ መስተዋት ከፊትህ ይኑር። ኦክስጅን ባለበት ሶልቬንቱም (ማሟሚያ ፈሳሹም) ተቀጣጣይ ነውና እሳት አይቅረብ። ደግሞ ማነጻጸሪያ እንዳትዘል፦ አንዱን ቱቦ በፎይል ጠቅልለህ ጨለማ ውስጥ፣ አንዱን ያለ ቀለም፣ አንዱን ኦክስጅን ሳይኖረው በናይትሮጅን።

የጣና ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንቺም እህቴ። ክሎሮፊሉን ከእምቦጭ ቅጠል ባወጣውስ? ሐይቁን የወረረው እሱ ነው።

ኬሚስቷ፦
ሞክረው፣ ደስ የሚል ሐሳብ ነው። ክሎሮፊል ግን ራሱ በብርሃንና በኦክስጅን ይነጣል፤ ስለዚህ ከሜቲሊን ብሉ ጎን ለጎን አስኪደውና በየሰዓቱ በስፔክትሮፎቶሜትር (የብርሃን መዋጥ መለኪያ) ምን ያህል እንደቀረ ለካ። ቅጠሉን በአሴቶን፣ ከብርሃን ከልለህ አውጣው።