የማንግሮቭ ችግኝ ተተክሎ የማይጸድቀው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። በየአገሩ የባሕር ዳርቻ በሺዎች የሚቆጠሩ የማንግሮቭ ችግኞች ይተከላሉ፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ግን አብዛኞቹ ደርቀው ይገኛሉ። ጨው የሚቋቋም ዛፍ ሆኖ ሳለ የማይጸድቀው ለምንድን ነው? የባሕር እንስሳትን ለመታደግ ገንዘብ ቢገኝስ ቅድሚያ የሚሰጠው ለተከላ ነውን?

መልስ 1፦
ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የችግኙ ሳይሆን የቦታው ነው። ማንግሮቭ ጨውን ይቋቋም እንጂ ዘወትር በውኃ ተውጦ መኖር አይችልም፤ ሥሮቹ አየር የሚያገኙት ባሕሩ ሲሸሽ ስለሆነ በየቀኑ ለረጅም ሰዓት ከውኃ በላይ የሚቆይ መሬት ይፈልጋል። ተካዮች ግን ባለይዞታ የማይከራከርበትን ቦታ ሲሹ ወደ ባሕሩ ዝቅ ብሎ የተንጣለለውን ጭቃ ይመርጣሉ። በፊሊፒንስ ብዙ ተከላ የከሸፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይባስ ብሎ ያ ጭቃ አንዳንዴ ራሱ የባሕር እንስሳት መኖሪያ የሆነው የባሕር ሣር የበቀለበት ነው። በአንጻሩ ሽሪምፕ የተባለው ትንሽ የባሕር እንስሳ ይረባበት የነበረ የተተወ ኩሬ ግድቡ ተከፍቶ ውኃው እንደ ቀድሞው ቢገባና ቢወጣ፣ በአቅራቢያም ያረጁ ዛፎች ቢኖሩ፣ ተካይ ላያስፈልግ ይችላል። የአንዳንዱ ማንግሮቭ ዘር እናቱ ላይ ሳለ በቅሎ፣ እንደ እርሳስ ረዝሞ ይወድቅና ተንሳፍፎ ራሱ ቦታውን ያገኛል።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ተከላን ሁሉ ከንቱ እንዳናደርገው እሰጋለሁ። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ጠረፍ የነበረውን የባሕር ሣር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሽታና የ1933ቱ አውሎ ነፋስ ጠራርገው አጠፉት። ውኃው ለሣሩ የሚስማማ ቢሆንም ዘር የሚያደርስለት አልነበረም። ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር ስለበተኑ ዛሬ 3,600 ሄክታር ገደማ ተሸፍኗል። እዚያ የጎደለው ዘር ነበረና ዘር መበተኑ ሠራ።

መልስ 3፦
እንስሳቱን በተመለከተ፣ መኖሪያቸው ሳይጎዳ የሚያልቁም አሉ። በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ብቻ የምትኖረው ቫኪታ የተባለችው ትንሽ የዶልፊን ዘመድ ዐሥር ገደማ ብቻ የቀረችው ቶቶዋባ ለተባለው ዓሣ በሚዘረጋ መረብ እየተጠላለፈች ስለምትታፈን ነው፤ መረቡ ካልወጣ ምንም ቢተከል አይጠቅማትም። ለባሕር ኤሊ ግን መላ ተገኝቷል፦ በሽሪምፕ መረብ ውስጥ የብረት ፍርግርግ ይገጠማል፤ ሽሪምፑ በመሐል ሲያልፍ ኤሊው በፍርግርጉ ተገትቶ በተተወለት ቀዳዳ ይወጣል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመሬቱ ከፍታ ለማንግሮቭ የሚበቃ መሆኑ ያለ ውድ መሣሪያ እንዴት ይታወቃል?

መልስ 1፦
በአቅራቢያ በተፈጥሮ የበቀለ ማንግሮቭ ካለ ወደ ባሕሩ እጅግ ዝቅ ብሎ የቆመውን ዛፍ ይፈልጉ። ግንበኞች እንደሚያደርጉት ውኃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ የግርጌውን ከፍታ ከሚተክሉበት ቦታ ጋር ያስተያዩ። የእርስዎ ቦታ ከዚያ ዝቅ ካለ አይትከሉበት።