እናቴ እሬት በማር መጠጣት ጀምረዋል፤ ከስኳር መድኃኒታቸው ጋር ይስማማል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የ63 ዓመት ሴት ናቸው፤ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው። የስኳር ሕመም ስላለባቸው ሜትፎርሚን፣ ለደም ግፊታቸው ደግሞ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን የሚያሸና ክኒን በየቀኑ ይወስዳሉ። ባለፈው ወር አንዲት ጎረቤታቸው «ስኳር ያወርዳል፣ ሆድም ያጸዳል» ብለው ስለመከሯቸው፣ አጥር ሥር ከበቀለው እሬት ቅጠል እየቆረጡ፣ ከነልጣጩ ፈጭተው፣ በማር በጥብጠው ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው መጠጣት ጀምረዋል። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፤ ሌሊት ሌሊትም ባታቸውን ይሸመቅቃቸዋል። እርሳቸው ግን «በሽታው እየወጣልኝ ነው» ይላሉ። በልጅነቴ ምጣድ እጄን ባቃጠለኝ ጊዜ እናቴ ቀብተው ያዳኑኝ በዚሁ እሬት ስለሆነ፣ ይጎዳዎታል ብዬ ልከራከራቸው ከብዶኛል። የምታውቁትን ብታካፍሉኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንደኛ ምላሽ (ፋርማሲስት)

እኅቴ፣ በመጀመሪያ እናትዎ መጠጡን ዛሬውኑ እንዲያቆሙ ይንገሯቸው፤ ምክንያቱን እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

በአንድ የእሬት ቅጠል ውስጥ ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮች አሉ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከልጣጩ ሥር የሚንጠባጠበው ቢጫና መራራ ወተት አንዱ ነው፤ መሐል ያለው ጥርት ያለ የሚያሟልጭ ጄል ደግሞ ሌላው ነው። ጄሉ ከመቶ 98 እጁ በላይ ውኃ ሲሆን፣ እርስዎ በልጅነትዎ የተቀቡትም እርሱን ነው። ቢጫው ወተት ግን አሎይን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ብርቱ የሆድ ማስለቀቂያ ነው። አሎይን ትልቁ አንጀት ደርሶ በዚያ ባሉት ባክቴሪያዎች ሲለወጥ አንጀቱን ያስቆጣል፣ ውኃም ወደ ሰውነት ተመልሶ እንዳይገባ ያግዳል። ቅጠሉ ከነልጣጩ ሲፈጭ ይህ ሁሉ አብሮ ይጠጣል፤ ስለዚህ እናትዎ መዳን ብለው የቆጠሩት የሆድ መፍሰስ የወተቱ ሥራ እንጂ የበሽታ መውጣት አይደለም።

በእርሳቸው ላይ ጉዳቱን የሚያከብደው ከመድኃኒቶቻቸው ጋር መደራረቡ ነው። ተቅማጥ ፖታሲየም የተባለውን ማዕድን ከሰውነት ያስወጣል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድም በሽንት በኩል ያንኑ ፖታሲየም ያስወጣል። ፖታሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይሸማቀቃል፣ ይደክማል፣ ዝቅ ብሎ ሲሄድም የልብ ምት ይዛባል። የባታቸው መሸምቀቅ ያሳሰበኝ ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ሰውነት ውኃ አጥቶ ኩላሊት ሲዳከም መድኃኒቱ ይጠራቀምና ደምን አሲዳማ ሊያደርግ ይችላል። ስለሆነም ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው፤ የፖታሲየም፣ የኩላሊትና የስኳር መጠናቸው ይለካ። የሚጠጡትን ነገር ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ክኒኖቹን ግን በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡ።

ጎረቤታቸው ስለ ስኳር የተናገሩት ከመሬት የተነሣ አይደለም። የተጣራ የእሬት ጄል ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ ያመለከቱ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ ሆኖም መድኃኒት ለመተካት የሚያበቃ ማስረጃ የለም፣ ከመድኃኒት ጋር ሲደረብም ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል። ማሩም ራሱ ስኳር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ለእናትዎ የሚነግሩት ማስረጃ ከፈለጉ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2002 ከእሬት ወተት የተሠሩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሆድ ማስለቀቂያዎች ከገበያ እንዲወጡ አድርጓል፤ አምራቾቹ ደኅንነታቸውን የሚያረጋግጥ በቂ መረጃ አላቀረቡም ነበር። ያልተጣራ የሙሉ ቅጠል ጭማቂ ለሁለት ዓመት የጠጡ የላብራቶሪ አይጦች ላይ የትልቁ አንጀት ዕጢ በመታየቱም፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህንን ጭማቂ በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ከሚችሉት ነገሮች ምድብ፣ ማለትም 2ቢ ውስጥ አስገብቶታል።

ሁለተኛ ምላሽ

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም፤ በቤቴ ለቃጠሎ እሬት ስለምጠቀም ግን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጊዜ ቅጠሉን እንደቆረጥሁ ወዲያው በልጄ ክንድ ላይ ብቀባው፣ ቆዳዋ ቀልቶ ለሦስት ቀን አሳክኳታል። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉን ቆርጬ በተቆረጠበት በኩል ወደ ታች አቆመውና ቢጫው ወተት እስኪንጠባጠብ ድረስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ልጣጩን ገፍፌ ጄሉን በንጹሕ ውኃ አጥቤ፣ በመጀመሪያ በትንሽ ቦታ እሞክረዋለሁ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የተቃጠለውን ቦታ 20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ማቆየት ይገባል። ቃጠሎው ጥልቅ ከሆነ፣ ፊት ላይ ከሆነ ወይም ቆዳው ከተገሸለጠ ምንም ሳይቀቡ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። በየአካባቢያችን ጡት ለማስጣል ጡት ላይ እሬት መቀባት የተለመደ መሆኑም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ምሬቱ የሚመጣው ከዚያው ቢጫ ወተት ነው፤ ሕፃኑም ይውጠዋል።

ሦስተኛ ምላሽ (የዕፅዋት ሳይንስ መምህር)

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ያልተነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እናትዎ የሚጠጡት የትኛውን እሬት ነው? በአገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች ይበቅላሉ፤ ብዙዎቹ በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። ሕዝቡ ግን ሁሉንም እሬት ይላቸዋል። ጥናት የተደረገበትና በመዋቢያ ዕቃ ላይ ስሙ የሚጻፈው አሎቬራ ምንጩ የዓረብ ምድር ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ በብዛት የሚታየው ደግሞ አሎ ደብራና የተባለ የደጋ ዝርያ ነው። ስለዚህ የአሎቬራ ጄል ተጣርቶ ቢጠጣ እንኳ አይጎዳም የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው፣ ያንን ለአጥር ሥር እሬት ማስረጃ ማድረግ አይችልም። በምሥራቅ አፍሪካ ከሚበቅሉት መካከል ጥቂት ዝርያዎች ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ አላቸው፤ ባልለመደ ዓይን ደግሞ ከሌሎቹ መለየት አስቸጋሪ ነው።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ወርጄ ምላሾቻችሁን አነበብሁላቸው፤ የጥናቱ ነገር ብዙም አልገረማቸውም፣ የማሩ ነገር ግን አሳመናቸው። ሰኞ ሆስፒታል ስንሄድ ፖታሲየማቸው ከሚገባው በታች ወርዶ 3.1 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ የፖታሲየም ክኒን አዘዙላቸው፣ የግፊት መድኃኒቱንም ቀየሩላቸው፤ ከሳምንት በኋላ ድጋሚ ይለካሉ። ተቅማጡ እሬቱን ባቆሙ በሁለተኛው ቀን ቆሟል። አጥር ሥር ያለውን ልነቅለው ብል ግን እናቴ አልፈቀዱም፤ ለምጣድ ቃጠሎ ይቀመጥ ብለዋል። ለጎረቤታችንም ዛሬ ራሳቸው ሊነግሯቸው ሄደዋል።